የፀሐይ ኃይልን በመኖሪያ ቤት መጠቀም፦ ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

አገራችን ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3 እና በ15 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል የምትገኝ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ በቂ የፀሐይ ብርሃን ከሚያገኙ አገሮች ተርታ ትመደባለች። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኝ ጥራት ያለው ፓነል ከዚህ ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ይህ ጽሑፍ የፀሐይ ኃይልን በመኖሪያ ቤታቸው ለመጠቀም ያሰቡ ዜጎች ምን መግዛት፣ ምን መጠየቅና ከምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለው፣ አንድ አባወራ በጣሪያው ላይ ፓነል መስቀል ለምን ያስፈልገዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ላይ ያርፋል። ተራርቀው ለሰፈሩ ጥቂት ቤቶች ሲባል ምሰሶ ተክሎ፣ ትራንስፎርመር ሰቅሎ፣ ሽቦ መዘርጋት ጊዜም ከፍተኛ ወጪም ይጠይቃል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ ሆኖ በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ ቀሪው 35 በመቶ ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች እንዲደረስ ያቀደውም በዚሁ ምክንያት ነው። መስመር በደረሰባቸው ከተሞች የሚኖረው ተገልጋይ በበኩሉ ኃይል በሚቋረጥበት ሰዓት ቤቱ በጨለማ እንዳይዋጥ መጠባበቂያ ይፈልጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ መለየት ነው። መስመር ላልደረሰው ቤት ፓነሉ ዋናው የኃይል ምንጭ ነው፤ በደመናማ ቀንም ቢሆን ሌላ መሸሻ የለውም። በመሆኑም አቅሙ ከፍ ተደርጎ ሊታሰብ ይገባል። ቆጣሪ ላለው ቤት ግን ፓነልና ባትሪው ኃይል በተቋረጠ ጊዜ የሚደርሱ ረዳቶች ናቸው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን በእርከን የተከፋፈለና ለዝቅተኛ ተጠቃሚ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ በወር ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ የቆጣሪ ሂሳቡን ለመቀነስ ብቻ ብሎ ሶላር ቢገዛ ገንዘቡ የሚመለስለት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ በየደረጃው ተግባራዊ የሚሆነው የታሪፍ ማሻሻያ ይህን ስሌት ቀስ በቀስ የሚቀይረው ሲሆን፣ ለውጡ ይበልጥ የሚሰማውም በከፍተኛው እርከን ላይ የሚገኘው ተጠቃሚ ነው። ይህን በግልጽ መናገር የሚገባን፣ ያለ ቦታው የተሰጠ የማበረታቻ ቃል ተገልጋዩን ከማስደሰት ይልቅ ስለሚያስቆጣ ነው።

ምጣዱን ለብቻው እናስበው

በአገራችን የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ላይ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሚከብደው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5,250 ዋት ሰዓት ወሰደ ማለት ነው።

ይህን ከሌሎች የቤት ዕቃዎች ጋር እናነጻጽረው። ባለ 7 ዋት ስድስት የኤልኢዲ አምፖሎች በቀን ለ5 ሰዓት ቢበሩ 210 ዋት ሰዓት፤ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢከፈት 240፤ የሳተላይት መቀበያው በዚያው ጊዜ 60፤ ሦስት የእጅ ስልኮች 30፤ የኢንተርኔት መሣሪያ ለ12 ሰዓት 120 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ድምሩ 660 ዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ እንጀራ ለመጋገር የሚወጣው ኃይል ቤቱ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ለስምንት ቀን ያህል ከሚጠቀመው ጋር ይተካከላል።

ስለሆነም ሻጩ «ይህ ዕቃ ሁሉንም ያሠራል» ካለዎት በቅድሚያ ምጣድ ያሠራ እንደሆነ ይጠይቁት። በአነስተኛ የቤት ውስጥ ሶላር ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያና የውኃ ማሞቂያ ማሠራት አይቻልም፤ ቢሞከርም ኢንቨርተሩ ወዲያውኑ ይዘጋል ወይም ይቃጠላል። መስመር ያለው ቤት ምጣዱን በመስመሩ ላይ ቢተው ይመረጣል። መስመር በሌለበት አካባቢ ደግሞ መብራቱን ከፀሐይ፣ እንጀራውን «ምርጥ» በመባል ከሚታወቀው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማግኘት በእኛ አስተያየት ዛሬም አቅምን ያገናዘበው አካሄድ ነው።

የሚያስፈልግዎትን መጠን እንዴት ያሰላሉ?

ከላይ የተጠቀሰውን 660 ዋት ሰዓት ምሳሌ አድርገን እንቀጥል። ከፓነሉ የወጣው ኃይል ሁሉ አምፖሉ ጋ አይደርስም። በሽቦ፣ በባትሪ፣ በኢንቨርተርና በአቧራ ምክንያት 30 በመቶ ያህሉ ይባክናል ተብሎ ይታሰባል። 660ን ለ0.7 ስናካፍል 943 ዋት ሰዓት እናገኛለን፤ ፓነሉ በቀን ማመንጨት የሚጠበቅበት ይህን ያህል ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐዩ ጉዳይ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በበጋው ጥራት ያለው ፀሐይ ተመሥርተው ሲያሰሉ ነው። በማዕከላዊው ደጋ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ዝቅ ሊል ይችላል። ስሌቱ በክረምቱ ይሠራ፦ 943 ለ4 ሲካፈል 236 ይሆናል። ስለዚህ 250 ዋት ፓነል ይበቃል ማለት ነው። በቀን 800 ዋት ሰዓት የሚወስድ አነስተኛ ማቀዝቀዣ ከተጨመረ ድምሩ 1,460 ዋት ሰዓት ስለሚደርስ የፓነሉ መጠን ወደ 550 ዋት ከፍ ይላል። የማቀዝቀዣ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ የኢንቨርተሩም አቅም ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

ለባትሪው ደግሞ ለአንድ ቀን ተኩል የሚበቃ ክምችት ይያዝ፤ ይህም 990 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባዶ እንዲሆን ከተደረገ ዕድሜው በፍጥነት ስለሚያጥር እጥፉ ይገዛል፤ በ12 ቮልት ሲታሰብ 165 አምፔር ሰዓት፣ በገበያ ላይ በሚገኘው መጠን 200 አምፔር ሰዓት መሆኑ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶው ያለ ጉዳት ስለሚወሰድ 100 አምፔር ሰዓት ገደማ የሆነው ይበቃል። ሊቲየሙ ሲገዛ ውድ ነው። ሆኖም በሺህዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ሲወጣ የሚቆይ በመሆኑ በዓመታት ሲካፈል ብዙውን ጊዜ ርካሹ እርሱ ሆኖ ይገኛል። በሁለት በሦስት ዓመት ባትሪ የሚለውጥ ቤተሰብ ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

የመኪና ባትሪን ለዚህ አገልግሎት ማዋል የተለመደ ስህተት ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲወጣለት አይደለም። በወራት ውስጥ ይሞታል።

የተጻፈውን ሳይሆን የሚለካውን ይመኑ

በአንድ ወቅት አንዲት ተገልጋይ 300 ዋት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፓነል ገዝተው፣ ማታ ማታ መብራቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ እየጠፋ ስለተቸገሩ ጉዳዩን ሊያስረዱን መጥተው ነበር። በገንዘቡ ሁለት በጎች ሸጠውበታል። ባትሪውን ሁለት ጊዜ አስለውጠው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው አልነበረም። የፓነሉ ርዝመት 1 ሜትር፣ ስፋቱ 55 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር።

ምክንያቱም ስሌቱ ቀላል ነው። ፓነሎች የሚለኩት በካሬ ሜትር 1,000 ዋት የሆነ ብርሃን ሲያርፍባቸው በሚሰጡት ኃይል ነው። ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚለውጥ ፓነል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 220 ዋት ይሰጣል። ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር አባዝተው በ220 ቢያባዙት ፓነሉ ሊሰጥ የሚችለውን ጣሪያ ያገኛሉ። የተገልጋይዋ ፓነል 0.55 ካሬ ሜትር ስለነበር የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ከ121 ዋት አያልፍም። 300 የሚለው ጽሑፍ ከእውነት ጋር ግንኙነት አልነበረውም።

የእርሳስ አሲድ ባትሪም እንዲሁ በሚዛን ይፈተናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ እውነተኛ ባትሪ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 200ው ወደ 60 ይጠጋል። 200 ተብሎ 25 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ውስጡ እርሳስ ጎድሎታል። ሊቲየም በተፈጥሮው ቀላል ስለሆነ ይህ መለኪያ ለእርሱ አይሠራም።

አምፖል፣ ሬዲዮና የስልክ መሙያ በአንድ ሣጥን አብረው ለሚሸጡ አነስተኛ የቤት ውስጥ ጥቅሎች ደግሞ የተሻለ ማረጋገጫ አለ። ቬራሶል የተሰኘው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም እስከ 350 ዋት የሚደርሱ ጥቅሎችን እየፈተሸ መስፈርቱን ያሟሉትን በስማቸውና በሞዴል ቁጥራቸው ለሕዝብ ያሳውቃል። ከመክፈልዎ በፊት የሞዴል ቁጥሩን በስልክዎ ፈልገው ቢያጣሩ፣ ወይም ልጆችዎ እንዲያጣሩልዎት ቢያደርጉ ብዙ ገንዘብ ይድንልዎታል።

ክፍያን በተመለከተ

ለዘርፉ የሚውል ብድር በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ሲቀርብ ቆይቷል። ብድሩ በአብዛኛው የሚደርሰው ለአስመጪዎች፣ ለአከፋፋዮችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በመሆኑ አንድ አባወራ የሚጠቀምበት በእነዚህ ተቋማት በኩል ነው። በአካባቢዎ የሚገኘው የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ለሶላር መግዣ ብድር ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሌላው መንገድ በየጊዜው እየከፈሉ መጠቀም ነው። ጥቂት ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በቴሌብርና መሰል የሞባይል ገንዘብ አማራጮች ይከፈላል፤ ክፍያው ካለፈ ዕቃው በራሱ ይቆለፋል። የአምራቹ ገቢ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ለሚዘገይበት ገበሬ የመክፈያ ጊዜው ከምርት መሰብሰቢያ ጋር እንዲጣጣም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ዕቃዎች የሚቆለፉት በሐምሌና በነሐሴ እጅ ባጠረበት ሰዓት ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቅድሚያውንና ክፍያዎቹን ሁሉ ደምረው ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር ያነጻጽሩ።

አተካከልና ጥንቃቄ

ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወስደውም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ የባሕር ዛፍ፣ የምሰሶም ሆነ የጎረቤት ፎቅ ጥላ ሊያርፍበት አይገባም። የፓነሉ ሕዋሳት እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩ በመሆናቸው በአንዱ ጥግ ያረፈ ትንሽ ጥላ የፓነሉን አንድ ሦስተኛ ሊያስቆም ይችላል።

በቆርቆሮውና በፓነሉ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ ይተው። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ሕዋሳቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በአንድ ዲግሪ በሞቁ ቁጥር የሚሰጡት ኃይል በ0.3 እና በ0.4 በመቶ መካከል ይቀንሳል። በዚህ ረገድ ደገኛው ዕድለኛ ነው፤ በቆላው አካባቢ ግን የአየር መተላለፊያው ሊዘነጋ አይገባም። የጣሪያው ማገር በምስጥ የተበላ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይጠገን።

ቀጭን ሽቦ ሌላው የማይታይ ኪሳራ ነው። በ12 ቮልት ሥርዓት 10 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 ሜትር ሲጓዝ 1.4 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ይህም ከአሥር እጅ አንዱ በላይ ነው። ባትሪውን ለፓነሉ ማቅረብ ወይም ወፍራም ሽቦ መጠቀም ነው። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከመኝታ ክፍልና ከምድጃ ይራቅ፤ የሚጨመርለትም የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ የቧንቧ ውኃ አይደለም። መብረቅ በሚበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች የፓነሉ ማቀፊያ ብረት በመሬት መስመር መያያዝ አለበት።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ ተገልጋዮች ጣሪያው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለንብረቶች አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት መሆኑን በማስታወስ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ከማኅበራቸው ጋር ሊስማሙ ይገባል።

መስመር ባላቸው ቤቶች ዘንድ ከሁሉም በላይ አጽንኦት የምንሰጠው ቀጣዩን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሰዎች ኃይል ሲቋረጥ የኢንቨርተሩን ወይም የጄነሬተሩን ሽቦ በሁለት በኩል ሶኬት ሠርተው ግድግዳው ላይ ባለው ማከፋፈያ ይሰካሉ። ቤቱ ይበራል፤ ነገር ግን ኃይሉ ቤት ውስጥ ብቻ አይቀርም። በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ፣ ትራንስፎርመሩ በተገላቢጦሽ ሠርቶ ወደ 15,000 ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። በዚያው ሰዓት ብልሽቱን ለመጠገን ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነው እጁን የሚዘረጋው። ለአንድ ምሽት መብራት ተብሎ የሰው ሕይወት ይጠፋል ማለት ነው።

ይህን አደጋ የሚከላከለው በባለሙያዎች ዘንድ «ቼንጅ ኦቨር» የሚባለው ማዛወሪያ ነው። ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከኢንቨርተሩ ጋር ያገናኛል እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገናኝም። ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ሥራውንም ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ለተሰጠው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጡ፤ ማረጋገጫውን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ መብትዎ እንጂ ድፍረት አይደለም። ፓነሉ ፀሐይ እስካረፈበት ድረስ የቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ቢዘጋም ኃይል ማመንጨቱን ስለማያቆም ሽቦውን ራስዎ ለመፍታት አይሞክሩ። ማጽዳት ሲፈልጉ በማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይሞቅ፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱት።

ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት

ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳይቀበሉ ከሱቁ አይውጡ። በደረሰኙ ላይ «ሶላር 1» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ የፓነሉ ዋት፣ የባትሪው አምፔር ሰዓትና የሞዴሉ ቁጥር ይስፈሩ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የዋስትና ወረቀቱ ከዚህ የተሻለ መብት ከሰጠው በእርሱ ይጠቀማል። ስለዚህ ፓነሉን ገዝቶ ጎተራ ሥር ማስቀመጥ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተክሎ መፈተሽ ይገባል። ሻጩ እምቢ ካለ አቤቱታው ደረሰኙ ተያይዞ በወረዳው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

ጥሩ ፓነል ከ25 ዓመት በኋላም ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ይሰጣል፤ ባትሪው ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይለወጣል። ያረጀ የእርሳስ ባትሪ በጓሮ አይጣልም፣ አይሰበርም፣ እርሳሱም በቤት ውስጥ አይቀለጥም፤ አሲዱ አፈሩንና ጉድጓዱን ይበክላል፣ የእርሳሱ ብናኝና ጭስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። በውስጡ ያለው እርሳስ በክብደት ዋጋ ያለው በመሆኑ አዲስ ባትሪ ሲገዙ አሮጌውን ሻጩ ተቀብሎ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስልዎት ይደራደሩ።